የአሰላ አከራይና ተከራይ፦ የጠቡ ሥር ኪራዩ ነው ወይስ ወረቀቱ?

በአሰላም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የአርሲ ደጋ ከተሞች፣ በሳጉሬም፣ በበቆጂም፣ በኢተያም፣ የቤት ኪራይ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ አጭር ቃል ነው፤ «ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ»። አከራዩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ልጁ አግብቶ ይሆናል፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ማረፊያ አጥቶ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ቃሉ የሌላ ቃል መሸፈኛ ነው፤ «ጨምር፣ ካልጨመርክ ልቀቅ»። ተከራዩ አምስት ዓመት ተቀምጦበታል። ግድግዳውን ቀለም አስቀብቷል፣ ኮርኒሱን አስጠግኗል፣ ልጆቹን በቅርብ ካለው ትምህርት ቤትና መድረሳ አስገብቷል። በእጁ ያለ ወረቀት ግን የለም። ኪራዩን በየወሩ በጥሬ ገንዘብ ሲሰጥ ኖሯል፣ አከራዩም «ኸይር ያግባህ» ብለው ሲቀበሉ ኖረዋል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ክርክሩ ጭማሪው ተገቢ ነው አይደለም ከሚለው አይጀምርም። የሚጀምረው ውሉ ምን ይላል ከሚለው ነው። ውል ከሌለ ደግሞ ስለ ምስክር ይሆናል። ኪራይ ስንት ነበር? የስንት ወር ቀረ? የተከፈለው ቀብድ ተመልሷል? በረንዳውን ማን ሠራው? በአጥር ማዶ የሰማ ጎረቤት ይጠራል፤ ጎረቤቱም ከሁለቱ ጋር ነገም አብሮ የሚኖር ሰው ስለሆነ ግማሹን ያስታውሳል፣ ግማሹን ይረሳል። ስለዚህ የቤት ኪራይ ክርክር ተብሎ የተከፈተው መዝገብ በውስጡ የማስረጃ ክርክር ሆኖ ይገኛል። የእኛም መነሻ ይኸው ነው። ስለ ኪራይ ውድነት ብዙ ይወራል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በአርሲ ከተሞች ያለ ተከራይ ከውድነቱ በፊት የጎደለው ነገር ሕጉ ሊያየው የሚችል ተከራይ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። አዋጁ ለተከራዩ የሰጠው ቀላል አይደለም። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥም ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። አከራይ ከ2 ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መቀበል አይችልም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ምጣኔ ልክ ብቻ ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይፈጸማል። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ አዲሱ ባለቤት ተከራዩን በማግስቱ «ውጣ» ሊለው አይችልም፤ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አከራይና ተከራይን በየወረዳው ጠርታ ውል ማስመዝገብ ስትጀምር ያየነው የዚህን አዋጅ አፈጻጸም ነው።

እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባሉ የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሎች በሚወስኑት መሠረት ነው። ማለትም ለአሰላ ተከራይ የመብቱ በር የሚከፈተው ፓርላማው እጁን ባወጣ ቀን ሳይሆን ክልሉ ከተማዋን ወስኖ፣ ከተማ አስተዳደሩ መዝጋቢ አስቀምጦ፣ መዝገቡ ሲገለጥ ነው። ሁለተኛ፣ አዋጁ ስለ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው የሚናገረው። የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ የሻይ ቤት፣ የልብስ ስፌት ቤት የተከራየ ሰው በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር አይደለም። ከሙስሊሙ ማኅበረሰብ ስንቱ በተከራየው ሱቅ ልጆቹን እንደሚያሳድግ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

አዋጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ ያለው ሰው ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ይመለሳል። የ1952ቱ ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ብዙዎች ግን አያውቁትም። ለምሳሌ ኪራይ ያዘገየን ሰው አከራዩ በቀጥታ አውጥቶ መጣል አይችልም። አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ጊዜ መወሰን አለበት፤ ውሉ የ1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጊዜው ከ30 ቀን፣ ካነሰ ደግሞ ከ15 ቀን ማነስ የለበትም። የውሉ ዘመን አልቆ ተከራዩ አከራዩ እያወቀ፣ ሳይቃወመው ተቀምጦ ከቀጠለ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ጥሩ ነው። ችግሩ ሕጉ ተራውን የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አለማለቱ ነው። ይኸው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ያዛል። አምስት መቶ ብር ለማበደር ወረቀት የሚጠይቅ ሕግ፣ ቤተሰብ የሚያድርበትን ጣሪያ ግን በቃል ትቶታል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ እንደነበር አንዘነጋም፤ ዛሬ ግን ሚዛኑ የተዛባ ነው።

የተለመደውን አካሄድ እናስብ። አንዲት እናት ከግቢው ጓሮ ሁለት ክፍል ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። አከራይዋ ሐጂ እንደ አባት የምታያቸው ሰው ናቸው፤ በረመዳን ሾርባ ትልክላቸዋለች። አንድ ቀን ልጃቸው ይመጣና «አደ፣ ክፍሎቹን ልናፈርስ ነው፣ በወር ጊዜ ውስጥ ልቀቂ» ይላታል። ወሩ ሲያልቅ አትለቅም፤ የት ትሂድ? ከዚያ መብራት ይቋረጣል። ቆጣሪው በሐጂ ስም ነው። ቀጥሎ ውሃው፣ ቀጥሎ የውጭው በር ቁልፍ። ማንም አልመታትም፣ ማንም ዕቃዋን አልጣለም፤ ግን ምጣዱ ሥራ ፈቷል። በሕግ ዓይን ይህ ሐቅን በራስ እጅ መውሰድ ነው። አከራይ መብት ቢኖረው እንኳ የሚያስከብረው በፍርድ ቤት በኩል ነው፣ በመቁረጫ ፒንሳ አይደለም። ይህንን ግን ለማስረዳት እሷ በዚያ ቤት በምን መብት እንዳለች ማሳየት አለባት። የልጁ ጠበቃ «በደግነት አስጠግተናት ነው እንጂ አላከራየናትም» ያለ እንደሆነ ምን ታሳያለች?

በሌላው ወገንም ሐቅ አለ፤ ካልተናገርነው ዙልም ይሆናል። በአሰላ አከራይ ማለት ሁልጊዜ ሀብታም ማለት አይደለም። በጡረታ ገንዘቡ ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ በዚያ የሚተዳደር አለ፤ ባሏ የሞተባት፣ የየቲሞቹን ቀለብ ከሁለት ክፍል ኪራይ የምታወጣ አለች። እንዲህ ያለችው አከራይ ስድስት ወር ኪራይ ያልከፈለ፣ ቤቱንም አልለቅም ያለ ተከራይ ሲገጥማት ፍርድ ቤት ቀጠሮ በቀጠሮ ይሆንባታል። እሷም ወረቀት የላትም። «ሁለት ሺህ ነው የተስማማነው» ስትል እሱ «አንድ ሺህ» ይላል። ወረቀት አለመኖሩ የሚጠቅመው ሁልጊዜ አከራዩን አይደለም፤ የሚጠቅመው አላህን የማይፈራውን ወገን ነው፣ በየትኛውም በኩል ይቁም።

ታዲያ ለምን አይጻፍም? አንዱ ምክንያት ግብር ነው። የኪራይ ገቢ ግብር አለበት፤ የተጻፈና የተመዘገበ ውል ደግሞ ገቢውን ለግብር ሰብሳቢው ያሳያል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። በመምህርነት ዘመናችን ቤት ስንከራይ ውል እንጻፍ ብንል አከራዩ «አታምነኝም ማለት ነው?» ብለው ቅር ይሰኛሉ ብለን ዝም እንል ነበር፤ ዝም ያለው ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ ያው ጥያቄ ፊቱ ይቆማል። ሦስተኛው የ2 ዓመቱ ገደብ ነው። አከራዩ «ከጻፍኩ ታሰርኩ» ብሎ ይፈራል።

አራተኛው ምክንያት የሚያሳዝነን ነው፤ «በእኛ ዲን ቃል ይበቃል» ይባላል። ቃል አማና መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ፣ ስለ ምን እንደሚናገር እናስታውስ። ስለ ሶላት አይደለም፣ ስለ ጾምም አይደለም። በጊዜ የተወሰነ ዕዳ ስለ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊው ፍትሕ፣ ስለ ምስክር ነው። እጅ በእጅ የሚያልቅ ንግድ ባይጻፍ ችግር እንደሌለው ለይቶ ያስቀምጣል። አብዛኞቹ ዑለማእ ትእዛዙን የተወደደ እንጂ ግዴታ አላደረጉትም፤ ሆኖም መጻፍን አለመተማመን ነው ያለ ዓሊም የለም። ኪራይ ደግሞ እጅ በእጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ከዚህም አልፎ የፊቅህ ኪታቦች ስለ ኢጃራ የሚሉት ከልማዳችን ጋር ይጋጫል። ፉቀሃእ ለኢጃራ ሦስት ነገር እንዲታወቅ ይጠይቃሉ፦ የሚገኘው ጥቅም፣ ዋጋውና ጊዜው። በአካባቢያችን ደረሳው በብዛት የሚቀራው በሻፊዒይ መዝሀብ ነው። በዚህ መዝሀብ ጎልቶ በተያዘው አቋም «ይህንን ቤት በየወሩ በዚህን ያህል አከራይቼሃለሁ» ብሎ ማብቂያውን ሳይናገሩ መዋዋል አይጸናም፤ ምክንያቱም ጠቅላላ ጊዜው አልታወቀም። ሐነፊዮች ለመጀመሪያው ወር ይጸናል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ወር በተጀመረ ቁጥር ይታደሳል ይላሉ፤ ሐንበሊዮችም ወደዚህ የሚቀርብ አስተያየት አላቸው። ስለዚህ በከተሞቻችን የተለመደው ማብቂያ የሌለው የወር በወር ኪራይ በሻፊዒዮች ዘንድ ያልጸና፣ በሌሎቹም ዘንድ በየወሩ መጨረሻ የሚላላ ውል ነው። በሰላም ጊዜ ማንም አያስበውም። አከራዩ ሲሞት ግን ይመጣል። አብዛኛው ፉቀሃእ ኢጃራ በሞት አይፈርስም፣ ወራሾች እስከ ጊዜው ያከብሩታል ብለዋል፤ የሐነፊይ መዝሀብ ይፈርሳል ይላል። ወራሾቹ የትኛውን ይዘው ነው ተከራዩን የሚያስወጡት? ብዙ ጊዜ የትኛውንም አይደለም፤ ሚራሱ ሳይከፋፈል «ቤቱ ይሸጥ» የሚል አንድ ወንድም ብቻ ይበቃል። ጊዜው ተወስኖ የተጻፈ ውል ቢኖር ለሟቹም፣ ለወራሾቹም፣ ለተከራዩም ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር።

ሰው ጉዳዩን ይዞ ወዴት ይሄዳል የሚለውም ግራ ያጋባል። አንዳንዶች ሁለቱም ወገን ሙስሊም ስለሆነ ጉዳዩ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው ይላሉ። አይደለም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰሉትን ይመለከታል፤ ያም ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ነው። ተራ የኪራይ ክርክር የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በፊት የመስጂድ ሽማግሌዎች አሉ፤ በኦሮሚያም በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ዕውቅና ያገኙ የባህል ፍርድ ቤቶች አሉ። ሽምግልናው ርካሽና ፈጣን ነው፣ እኛም እንደግፈዋለን። ግን ሽማግሌም ያለ ወረቀት ሲቀመጥ የሚያዘነብለው ወደሚያውቀው ሰው ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ የግቢውን ባለቤት ነው እንጂ ከሌላ ወረዳ መጥቶ የተከራየውን የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ አይደለም።

ይህ ሁሉ በአርሲ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ እንግዳ ነው ብለን በታገሥነው። የአርሲ ደጋ ግን ይህንን መጽሐፍ አንብቦታል፤ ያኔ የተጻፈው ስለ ቤት ሳይሆን ስለ መሬት ነበር። ከምኒልክ ዘመን ዘመቻ በኋላ የአርሲ ገበሬ፣ አብዛኛውም ሙስሊም፣ በአባቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ሲሶ አራሽ፣ እኩል አራሽ ተባለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲመጣ ገደብ አደረገለት ተብሎ ነበር፤ ገደቡ ግን ባለመሬቱ ከምርቱ ከሦስት አራተኛ በላይ እንዳይወስድ የሚል ነበር። ከአራት ቁና ሦስቱን መውሰድ በሕግ ተፈቀደ ማለት ነው!

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአሰላ ማዕከሉን ያደረገው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አመጣ፤ ስንዴው አማረ። ማማሩ ግን ለጭሰኛው ጠላት ሆነበት። መሬቱ ትርፍ ሲያወጣ ባለመሬቱ ትራክተር አስገባ፣ ጭሰኛውን አስወጣ። ስዊድኖቹ የባለመሬትና ጭሰኛ ግንኙነት በሕግ ካልተስተካከለ ልማቱ ድሃውን ይጎዳል ብለው መንግሥትን ወተወቱ። ረቂቅ ሕግ ተዘጋጀ፤ ባለመሬቶች በሞሉበት ፓርላማ ግን ዓመታት ተንከባለለ እንጂ አልጸደቀም። እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ ያለው። «ሕግ ሊወጣ ነው» የሚለው ወሬ ብቻ ባለመሬቶች አስቀድመው ጭሰኞቻቸውን እንዲያባርሩ ምክንያት ሆነ። ሕጉ ጭሰኛውን ሳይጠብቀው፣ ወሬው ግን አስባረረው። በወቅቱ ከነበረው ብሶት ጋር ነው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች መካከል የመሬት ባለቤትነት መብት የነበረው።

መልሱ በአብዮት መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶች ተወረሱ፣ ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ፣ እስከ 300 ብር የሚደርስ ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ ያስተዳድር ጀመር። ተከራዩ እፎይ አለ፤ ቤት ሠሪው ግን እጁን ሰበሰበ፣ የቀበሌ ቤቶችም ጥገና አጥተው አረጁ። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ተዘለለ። ዛሬ የምንከራየው የግለሰብ ቤት ከዚያ በኋላ ተመልሶ የመጣ ነው፤ ሕጉ ግን ተከትሎት ለመድረስ እስከ 2016 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። በመካከል በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ከልክሎ ነበር፤ አስቸኳይ ጊዜው ሲያበቃ ክልከላውም አበቃ።

ለዚህ ነው በግማሽ የቆመ ሕግ የሚያስፈራን። አሰላ ዩኒቨርሲቲና የማስተማሪያ ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት፤ የብቅል ፋብሪካውም እዚያው ነው። ተማሪው፣ ነርሷ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ሁሉ ክፍል ፈላጊ ነው። ፈላጊ በበዛበት ከተማ «የ2 ዓመት ውል ሊያስገድዱን ነው» የሚለው ወሬ ከመዝገቡ ቀድሞ ከደረሰ፣ አከራዩ ነባሩን ተከራይ አስወጥቶ በአዲስ ዋጋ ለመጀመር ይነሳሳል። የ1960ዎቹ ባለመሬት ያደረገውም ይህንኑ ነበር። ስለዚህ የከተማ አስተዳደሩ ሊያደርግ የሚገባው ስለ አዋጁ ስብሰባ መጥራት ብቻ አይደለም፤ መዝጋቢውን አስቀድሞ ማስቀመጥ፣ በምዝገባው ቀን ቤቱ ውስጥ የተገኘው ተከራይ በነበረበት ኪራይ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። የአነስተኛ አከራዮችን የግብር ፍርሃትም በግልጽ ማስረዳት አለበት፤ የሁለት ክፍል አከራይ የሆነችው መበለት ስንት እንደምትከፍል ቁጥሩን ካላወቀች መደበቁን ትመርጣለች።

እኛም ከራሳችን ግቢ መጀመር እንችላለን። በብዙ ከተሞች የመስጂድ አጥር ላይ የተሠሩ ሱቆች የወቅፍ ናቸው፤ ኪራያቸውም ለመድረሳውና ለጽዳቱ ይውላል። ፉቀሃእ የወቅፍ ናዚር ንብረቱን ከአምሳያው ኪራይ በታች እንዳያከራይ አጥብቀው ተናግረዋል፤ ሐነፊዮች እንዲያውም ውሉ እንዳይረዝምና ወቅፉ በተከራዩ እጅ እንዳይቀር ለቤት ከ1 ዓመት፣ ለመሬት ከ3 ዓመት በላይ እንዳይሆን ገድበዋል። የእኛ ልማድ ግን ምን ይመስላል? ሱቁን ከብዙ ዓመት በፊት የተከራየ ሰው በድሮ ዋጋ ይዞት ለሦስተኛ ሰው በእጥፍ ያከራያል። ኮሚቴ ሲቀየር አዲሱ ኮሚቴ ውሉን ፈልጎ ያጣል፤ «በቃል ነው የሰጡኝ» ይባላል። ከዚያ ወይ ፍርድ ቤት፣ ወይ ጀመዓው ለሁለት መከፈል። መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የሕግ ሰውነት አግኝቷል፤ በራሱ ስም መዋዋልም መክሰስም ይችላል። የአሰላና የአርሲ ዞን መጅሊስ በየመስጂዱ ያሉትን ኪራዮች በአንድ መዝገብ ቢያሰፍር፣ በአንድ ዓይነት የውል ቅጽ ቢያስፈርም፣ ያው ቅጽ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ለአከራይም ለተከራይም ቢታደል ሰው ከዚያ ይማራል።

ቅጹ ረጅም መሆን የለበትም። የሁለቱ ስም፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ መብራትና ውሃ በማን፣ ቀብዱ ስንትና መቼ እንደሚመለስ፣ ተከራዩ ያደሰው ነገር ከኪራይ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም፣ ሁለት ምስክር። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ከትርጉም ወጪ ያድናል፤ ካልሆነም በሁለቱም ቋንቋ። ኪራዩ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲከፈል ደግሞ በምክንያቱ ቦታ ላይ «የጥቅምት ኪራይ» ብሎ የወሩን ስም መጻፍ ነው፤ የተላከ ገንዘብ ብቻውን ብድርም ሊባል፣ ስጦታም ሊባል ይችላል።